ንሕነኒ

ከመካነ ኢየሱስ የወጣነው ጀንበር ገና ስትፈነጥቅ ነበር። አወቀ ክላሹን አንግቶ ከፊት፣ ፋሲካ አዲሱ ጫማዋ እንዳይቆሽሽባት በእጇ ይዛው ከመሀል፣ እኔ ጉልበቴን እየረገምሁ ከኋላ። ቁልቁለቱን ስንጀምር «ኧረ ቀስ በሉ! ለዕርቁ ሬሳዬን ልታደርሱ ነው?» ብዬ ጮህሁ።

አወቀ ዘወር ብሎ ሳቀ። «እትዬ ካሣነሽ፣ ምላስዎ እኮ ከእግርዎ ይቀድማል» አለኝ።

መሳቁ ገረመኝ። ታላቅ ወንድሙ መንግስቴ ከተገደለ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ጥርሱን ለሰው አሳይቶ አያውቅም። ጢሙን አልተላጨም፣ ሠርግ አልሄደም፣ ሽማግሌ ሲመጣበት በጓሮ እየወጣ ነበር የሚጠፋው። ዛሬ ግን ተላጭቷል። የታጠበ ጋቢ ለብሷል። ለፋሲካ፣ ለወንድሙ ልጅ፣ ጫማውን የገዛላትም እሱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤ ተመስገን ብዬ ነበር።

የምንሄደው ወይራ ዋሻ ሚካኤል ነው፣ ደም ለማድረቅ። መንግስቴና ላቀው ድንበርተኞች ነበሩ። አንድ የእርሻ ጧት በአንድ ትልም ተገፋፍተው ተሰዳደቡ፤ መንግስቴ ጅራፉን አነሣ፣ ላቀው ጠመንጃውን አነሣ። ከዚያ ወዲህ ላቀው ስማዳ ቆላ ገብቶ ተደበቀ፣ መሬቱም ሁለት ክረምት ጦሙን አደረ። ዓመቱ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት፣ ወሩ ግንቦት ነው። መንገዱ የሚዘጋበት፣ ስልኩ ድምፅ ያጣበት፣ ትምህርት ቤቱ የተቆለፈበት፣ ጧት የወጣ ሰው ማታ መግባቱን እግዜር ብቻ የሚያውቅበት ዓመት ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን የእኛን ነገር ከሽማግሌ በቀር ማን ያይልናል? አያ ሙሉቀን የሚባሉ የወይራ ዋሻ አዛውንት ሦስት ሰው አስከትለው ቆላ ደጋ ሲሉ ከርመው በመጨረሻ ሁለቱንም ወገን እሺ አሰኙ።

ውሉ ይህ ነው። ላቀው መሣሪያ ሳይዝ፣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይመጣል። የሟች ልጅ በሕዝቡ ፊት አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች። ዘመድ አዝማዱ አሜን ይላል፣ አወቀ መስቀል ይዞ ይምላል፣ ከዚያ አንድ ማዕድ ይቀመጣሉ፣ አለቀ። «የልጅ አፍ ንጹሕ ነው፣ ነገሩ በሷ አፍ ይታሰር» ያሉት አያ ሙሉቀን ናቸው። ፋሲካ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ መንግስቴ ከሷ ሌላ ልጅ የለውም።

እኔ ደግሞ የክርስትና እናቷ ነኝ። መካነ ኢየሱስ ገበያ ዳር በእግር በሚረገጥ መኪና ልብስ እሰፋለሁ፤ ባሌ ሞቷል፣ ወልጄ አላውቅም። ፋሲካን በሰማንያ ቀኗ ታቅፌ ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን ካድሁላት፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አመንሁላት። ቄሱ በግዕዝ ያሉኝን ቃል በቃል ደገምሁ። ምን እንዳልሁ አላውቅም፣ የጠየቀኝም የለም። ዋናው ድግሱ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ስትገባ እናቷ ታንጉ ለትምህርት እኔ ዘንድ ሰደደቻት። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እኔው ጋ ቀረች። ቀን ቀን ቁልፍ ትተክልልኛለች፣ ማታ ማታ ከእራት በፊት ወደ ምሥራቅ ቆመን እንጸልያለን። ባለፈው ጥር አንድ ማታ ጨርሰን ልንቀመጥ ስንል «እቴቴ፣ አበሳ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! አበሳ አታውቂም? መከራ ነዋ! የዘንድሮው ኑሮ አበሳ አይደለም? የኔ ጉልበት አበሳ አይደለም?»

«እንግዲያ ኅድግ ለነ አበሳነ ስንል መከራችንን ውሰድልን ማለታችን ነው?»

«ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል!»

እናቴም እንዲህ ነበር የምትለው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ባሌ ሲታመም የባሌን፣ ጤፍ ሲወደድ የጤፉን አበሳ ውሰድልኝ ስል ኖሬአለሁ። ልጅቱ ግን አለቀቀችኝም።

«ቀጥሎ ያለውስ? ከመ ንሕነኒ ንኅድግ ለዘአበሰ ለነ የሚለው?»

«እሱማ... እሱ ያው የፊተኛው ቅጥያ ነው» አልሁ።

አየችኝ። አፈርሁ። የምሰፋውን ጨርቅ ፊትና ጀርባውን ሳልለይ መቀስ የማላነሣ ሴት፣ አምላኬን የምለምንበትን ቃል ሳላውቀው ሃምሳ ዓመት! በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ እጇን ይዤ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ወሰድኋት።

መሪጌታ ጋይንት ወርደው ቤተ ልሔም ዐሥራ አንድ ዓመት ድጓ የተማሩ፣ ሲያዜሙ ቅኔ ማሕሌቱን የሚሞሉ ሰው ናቸው። ጠባያቸው ግን እሬት ነው። ጥያቄዋን ስትነግራቸው ልትገሠጽ ነው ብዬ ነበር።

«አርባ ዓመት ሙሉ» አሉ፣ «ሰው ዜማውን እንጂ ፍቺውን ጠይቆኝ አያውቅም። ጥፋቱ የኔም ነው፣ እኔም ተጠየቁ ብዬ አላውቅም። ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

ቃሉን እንደ እህል እየለቀሙ ፈቱላት። «አበሳ በግዕዝ በደል ነው፣ ኀጢአት። ኅድግ ለነ፣ ተውልን፣ ይቅር በለን። ከመ ንሕነኒ፣ እኛም እንደ። ንኅድግ፣ እንደምንተው። ለዘአበሰ ለነ፣ ለበደለን።»

«ለበደለን ለማንም?»

«ከእገሌ በቀር የሚል አላየሁበትም።»

«ለአባቴ ገዳይም?»

«በቃሽ!» አልሁ እኔ ደንግጬ። መሪጌታ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ።

«ለሱም፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ያ የማሕሌቱ ድምፅ አልነበረም፣ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «ደግሞ አስተውዪ። ልብሽ ሳይተው በአፍሽ ብቻ ካልሽው፣ እኔ እንዳልተውሁ አንተም አትተውልኝ ብለሽ በራስሽ ላይ መፍረድሽ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋሲካ እዚያ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። እኔ ብቻዬን እለዋለሁ፣ እሷ ኢታብአነ ከሚለው ላይ ትቀበለኛለች። ሁዳዴ ሙሉ እንዲህ ሆነ። ምን ነክቶኝ ነው ይህን የጀመርሁት እያልሁ ራሴን ረገምሁ፤ ልጅ እንደ ሰው ልጅ ዝም ብላ ብትደግም ምን ነበረበት? አንዳንድ ቀን ከጸሎቱ መሀል ታለቅሳለች። «ፊቱ ይመጣብኛል» አለችኝ አንዴ፣ ላቀውን ማለቷ ነው። ታውቀዋለች። ያ ነገር ሳይመጣ በፊት ከማሳው የሽምብራ እሸት እየነቀለ ይሰጣት ነበር።

ስቅለት ለት ሰግደን ሰግደን፣ በወይራ ተጠብጥበን፣ ወገባችን ተቆርጦ ገባን። እንደ ልማዳችን ቆምን። እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ሁለት ድምፅ ሰማሁ። ጨርሼ ዘወር ስል እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«አልሁት፣ እቴቴ።»

«ከልብሽ?»

«ከልቤ። በጣም ከበደኝ፣ ግን አልሁት።»

አቅፌያት አለቀስሁ። በሰማንያ ቀኗ ያመንሁላትን ገና ዛሬ አስረከብኋት አልሁ በልቤ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አሁን ቁልቁለቱን ስንወርድ የማስበው ይህንኑ ነበር። ልጄ በሰው ሁሉ ፊት ትቆማለች፣ የምትለውን አውቃ ትላለች፣ የሁለት ቤት ደም ይደርቃል። እንዲህ እያልሁ ከወንዙ ደረስን።

መሻገሪያው ላይ ክንዱ የሚባል የአወቀ የአክስት ልጅ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር፤ እሱም ክላሽ ይዟል። ሰላም ተባባልን። እኔና ፋሲካ እግራችንን ልንታጠብ ከቋጥኙ ጀርባ ዞርን። ክረምቱ አልገባምና ውሃው ቀጭን ነው፣ የሰው ድምፅ አይውጥም።

«ላቀው ሲመለስ የሚያልፈው በዚሁ ነው» አለ አወቀ። «ቤቱ ሳይገባ ቆላ ያስቀመጣቸውን ከብቶች ሊያመጣ ይወርዳል፣ ብቻውን ነው። መሣሪያ የለውም። እኔ ያን ሰዓት ከሽማግሌዎቹ ጋር ማዕድ ላይ ነኝ፣ ማን ይጠረጥረኛል?»

«መሐላውስ?» አለ ክንዱ።

«የምምለው እኔ፣ የምትተኩሰው አንተ። አንተ ምን ምለሃል?»

ክንዱ ሳቅ እንደማለት አለ።

ፋሲካ አንድ እግሯን ውሃ ውስጥ እንዳደረገች ደርቃ ቀረች። አፏ ሲከፈት ሳይ በመዳፌ ያዝሁት። ትንፋሽዋ እጄ ላይ ይሞቃል።

ዳገቱን ስንጀምር አወቀ ቀደም አለ፤ ክንዱ እዚያው ቀረ።

«ሰሙ፣ እቴቴ?» አለችኝ።

«ምንም አልሰማሁም። አንቺም አልሰማሽም።»

«ይገድሉታል እኮ!»

«ዝም በይ! ከተናገርሽ አወቀ ይተወናል? እናትሽ በማን ግቢ ነው የምትኖር? በማን በሬ ነው የምታሳርስ? አንቺ ጸሎትሽን ድገሚ፣ ሌላው የትልልቆቹ ጉዳይ ነው።»

«እንዴት አድርጌ ነው የምደግመው?»

«በአፍሽ!» አልኋት። ይህ ቃል ከኔ አፍ ወጣ፣ ከሌላ ከማንም አይደለም። «እንደ ዱሮሽ። እንደ ሰው ሁሉ።»

ቆም ብላ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ጫማዋን አድርጋ ቀደመችኝ።

ወይራ ዋሻ ስንደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከቅጥሩ ውጭ ከትልቁ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን፤ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ከአያ ሙሉቀን እግር ሥር እያጋደመ ያልፋል። አወቀም ክላሹን አጋደመ። «ክንዱስ?» አሉት። «በሬ ጠፍቶበት ፍለጋ ነው፣ አያ» አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይሰብር። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ቅስናም አላቸውና መስቀሉን ይዘው ከዋዜማው መጥተዋል። ፋሲካን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ታንጉ ጥቁሯን እንደለበሰች ልጇን ስባ ጉንጯን ሳመች፣ ከዚያ ወደ መሬት አየች። የወንዙን ነገር ታውቅ ነበር? እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ላቀው መጣ። ከሩቅ ሳየው ሽማግሌ መስሎኝ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፣ እግሩ ባዶ ነው፣ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ በጠፍር ታስሮ አንገቱ ላይ ተጭኗል። ከሕዝቡ ፊት ሲደርስ በጉልበቱ ወደቀ። «ስለ እግዚአብሔር! ስለ ሚካኤል! ይቅር በሉኝ!» አለ ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ። ከሴቶቹ ያላለቀሰ አልነበረም።

«ነይ ልጄ» አሉ አያ ሙሉቀን። «በዪ እንግዲህ።»

ፋሲካ መሀል ቆመች። ነጠላዋን አጣፋች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው። አቡነ ዘበሰማያት ብላ ጀመረች። ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይሰማታል። የዕለት ምግባችንን ከሚለው አለፈች።

«ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ...» አለችና ቆመች።

አያ ሙሉቀን ጠበቁ። «ከመ ንሕነኒ» ብለው አስታወሷት። ዝም። «ከመ ንሕነኒ ንኅድግ» አሉ ደግመው። ዝም። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ።

«ልጅ ናት፣ ሰው ብዙ ሆኖባት ነው» አለ አወቀ፣ እየሳቀ።

መሪጌታ ግን አልሳቁም። ጠጋ አሉ። «ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም፣ የኔታ።»

«ልብሽ አልተወለትም?»

«ትቼለታለሁ። ስቅለት ለት ነው የተውሁለት።»

ላቀው ከድንጋዩ ሥር አንገቱን ሊያቀና ታገለ። አያ ሙሉቀን ግራ ገባቸው። «ታዲያ በዪዋ፣ የኔ እናት!»

«እኔማ እላለሁ» አለች ፋሲካ። «ቃሉ ግን እኔ አይልም። ንሕነኒ ነው የሚለው። የኔታ እኛም ማለት ነው ብለውኛል። ስለራሴ ማለት እችላለሁ። እኛም ማለት ግን አልችልም።»

መሪጌታ ቀስ ብለው ወደ አወቀ ዞሩ። አወቀ አመድ መስሏል። አያ ሙሉቀን እኔን ፈለጉ፣ አገኙኝ።

«ካሣነሽ፣ የምታሳድጊያት አንቺ ነሽ። ይቺ ልጅ የሰማችው ነገር አለ?»

ሰው ሁሉ አየኝ። ታንጉ አየችኝ። አወቀ አየኝ፤ የሱ አስተያየት ምን እንደነበረ ለመናገር ቃል የለኝም። ሱቄ ታየኝ፣ የታንጉ ጎጆ ታየኝ፣ የምሄድበት ያ ሁሉ ጭር ያለ መንገድ ታየኝ። እንዴት ያለ ፈሪ ነኝ! አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ።

«ትኩሳት ይዟት ነው፣ አያ» አልሁ። «ስትቃዥ ነው ያደረች። የምትለውን አታውቀውም። የሰማችው ምንም ነገር የለም።»

ፋሲካ አልጮኸችም። «እቴቴ...» ብቻ አለች። ሮጬ ክንዷን ያዝሁ፣ ወደ ሴቶቹ ጎተትኋት። በጆሮዋ «አንድ ቃል ከተነፈስሽ እናትሽ ናት የምትሞተው» አልኋት። ክንዷ በእጄ ውስጥ ዛለ።

አወቀ ቀልጠፍ ብሎ ተነሣ። «ስለሷ እኔ እላለሁ!» አለ። አለውም። ከአቡነ ዘበሰማያት እስከ አሜን፣ አንድ ቃል ሳይዘነጋ፣ አንድ ቦታ ሳይደናቀፍ፣ እንደ ድምፀ መልካም ዲያቆን አንቆረቆረው። ከመ ንሕነኒ ላይ ሲደርስ እንዲያውም ድምፁን ከፍ አደረገ። ሕዝቡ እፎይ ብሎ አሜን አለ። አንዲት ሴት ከጎኔ «ሲያሳምረው!» አለች።

«ገብቶህ ነው ያልኸው?» አሉት መሪጌታ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ የምለው ነው እኮ፣ የኔታ!»

መሪጌታ መስቀሉን ዘረጉለት። ሽማግሌ ሁሉ አሜን ብሏል፣ ምን ያድርጉ? አወቀ ይዞ ማለ። «በዚህች እጄ ላቀውን ብነካ እጄ ትቆረጥ» አለ። በዚህች እጄ። ከዚያ ሕዝብ ሁሉ መሀል ያቺን ቃል የሰማነው እኔና ፋሲካ ብቻ ነን። ድንጋዩ ከላቀው አንገት ወረደ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እልልታው ቀለጠ፣ ጠላው ተቀዳ፣ አንዱን እንጀራ ሁለቱ ቆርሰው በሉ።

ላቀው ብዙ አልተቀመጠም። ከብቶቼን ላምጣ፣ ለመጀመሪያው ዝናብ ልድረስ ብሎ ተሰናበተ። እኔ ጠላ ስቀበል ክንዷን ለቅቄያት ኖሯል፤ ዘወር ስል ፋሲካ የለችም። ከቅጥሩ ጥግ ደረስሁባት፣ ላቀው ፊት ቆማለች።

«በወንዙ አይሂዱ» ትለዋለች። «ክንዱ አለ። በላይ በኩል፣ በጫካው ዞረው ይሂዱ።»

ላቀው ወደ ወንዙ ተመለከተ። ወደ ዛፉም ተመለከተ፤ አወቀ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጦ ይበላል። ከዚያ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶታል፣ ፊቱ ግን የተዝናና ሰው ፊት ነበር።

«ልጄ፣ አጎትሽ እኮ መስቀል ይዟል። አቡነ ዘበሰማያት ደግሟል፣ አብረን በልተናል። ክርስቲያን አይደለም እንዴ?»

«አይሂዱ እልዎታለሁ!»

«ሁለት ዓመት ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ስበረግግ ኖርሁ። ሰው መጠርጠር በቃኝ። እንዲያውም በወንዙ የማልሄድ ከሆነ ምኑን ታረቅሁ?» ራሷን ሳማት። «አንቺ የተውሽልኝ ይበቃኛል።»

እኔ ከሦስት ርምጃ ላይ ነበርሁ። ልጅቱ ዘወር ብላ በዓይኗ ለመነችኝ። እውነቷን ነው ብል ላቀው ይሰማኝ ነበር፤ ትልቅ ሴት ነኝ፣ ያውቀኛል። ከንፈሬ ተንቀሳቅሷል፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ላቀው እጅ ነሥቶኝ ወረደ።

ሁለት ተኩስ ሰማን። በዚህ ዘመን ተኩስ ብርቅ አይደለም፣ ስለዚህ ሰው ወዲያው አልተነሣም። ሁሉም ጉርሻውን እንደያዘ ቆየ። ከዚያ ከሴቶቹ መሀል ታንጉ እልል አለች። አንድ ጊዜ ብቻ። ወዲያው ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ በፊቷ ተደፋች። ያኔ ነው አያ ሙሉቀን የገባቸው። ሁለት ሰው ደግፎ አነሣቸው። አወቀ «ምንድን ነው? ማን ነው የተኮሰ?» እያለ ይጮኻል፣ ይዞራል።

መሪጌታ መስቀላቸውን እንደጨበጡ ቁልቁለቱን ሮጡ። ፋሲካ ቀድማቸዋለች። እኔ ከሁሉ ኋላ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ደረስሁ። ክንዱ የለም፣ ሄዷል። ላቀው በፊቱ ተደፍቷል፣ አንድ እጁ ውሃው ውስጥ ነው። መሪጌታ ገልብጠው ጋቢያቸውን አለበሱት፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «እኔ ነኝ መስቀሉን የሰጠሁት፣ እኔ ነኝ» ይላሉ።

ፋሲካ ከራስጌው ተንበርክካለች። አቡነ ዘበሰማያት ትላለች፣ በለሆሳስ። ሄጄ ከጎኗ ተንበረከክሁ። እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቆመ። ልረዳት ፈለግሁ፤ ሌላ የማውቀው የመርጃ መንገድ አልነበረኝምና ቃሉን አነሣሁላት።

«ከመ ንሕነኒ...»

«አይበሉት፣ እቴቴ» አለች።

ዞር ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ።

«ለጋሼ አወቀ አንድ ቀን ልተውለት እችል ይሆናል» አለች። «እሱ የሚለውን አያውቀውም። እርስዎ ግን ያውቁታል።»

ከዳገቱ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው እየወረዱ ነበር። ተነሥቼ መንገድ ለቀቅሁላቸው።